ማውስ የሌለው ፈተና

የጠይባ ጣቶች ኪቦርዱ ላይ ሲሮጡ እያየች ሮዛ ከንፈሯን ነከሰች። ማውስ የለ፣ ምን የለ! የክበቡ የጽሑፍ ፕሮግራም የሚታዘዘው በኪቦርድ ፊደላት ብቻ ነው። «ዲ»ን ሁለቴ ነካ ስታደርግ አንድ ሙሉ መስመር ድራሹ ይጠፋል፤ ወረድ ብላ «ፒ»ን ስትነካ ያው መስመር ሌላ ቦታ ቁጭ ይላል። ይህንን ያስተማረቻት እኮ ራሷ ሮዛ ናት። ባለፈው ወር ጠይባ ወደ ኮምፒውተር ክበቡ መጥታ «ለምንድነው የማይጽፍልኝ?» እያለች ስትነጫነጭ፣ «መጀመሪያ ‹አይ› የምትለዋን ፊደል ንኪያ፣ ፋራ!» ብላ ያሳየቻት ማን ሆነና! አሁን ልትበልጣት ነው። ቅናት አንጀቷን አሳረራት።

ነገሩ ደግሞ እንደ ዋዛ የሚታለፍ አልነበረም። በአዲስ አበባው ማስተር ፕላን ሰበብ የተነሣው ተቃውሞ ሰበታን ካዳረሰ ወዲህ ትምህርት ቤቱ አንድ ቀን ተከፍቶ በማግስቱ ይዘጋል። ዛሬ ደግሞ ላልተወሰነ ጊዜ ሊዘጋ ነው ተባለ። የክበቡ መምህር ቲቸር ይገዙ ያለቻቸውን አንዲት ላፕቶፕ ባዶ ግቢ ውስጥ ትተው መሄድ ፈሩ። «ይህንን የተዘበራረቀ ጽሑፍ ፈጥና ያስተካከለች፣ ትምህርት እስኪከፈት ቤቷ ወስዳ ትለማመድበታለች» አሉ። ሮዛ ቀድማ ተፈተነች፤ ጥሩም ሠራች። የጠይባ ተራ ሲደርስ ግን ከጅማ መንገድ በኩል ጩኸት ተሰማ። ቲቸር ስልካቸውን ሰዓት እየቆጠረ ጠረጴዛው ላይ ትተው ወደ ውጭ ወጡ።

ድንገት የጠይባ ጣቶች ቆሙ።

«ሮዚ፣ ስታክ አደረገ!»

ያገኘችውን ቁልፍ ሁሉ ትደበድብ ጀመር። ስክሪኑ ንቅንቅ አላለም። ሮዛ ግን ምን እንደነካች አይታለች። ጠይባ ከትምህርት በኋላ የምትውለው በወንድሟ በሀሰኖ የጽሕፈት አገልግሎት ሱቅ ነው፤ እዚያ መብራት በየደቂቃው ስለሚጠፋ እጇ ሳታዝዘው አንድ መስመር በጻፈች ቁጥር ኮንትሮልና ኤስን ተጭኖ ሴቭ ያደርጋል። ዛሬም በጥድፊያ ያንኑ አደረገች፤ በዚህ ፕሮግራም ግን ያ ሴቭ አያደርግም፤ ስክሪኑን ያቆመዋል። ሮዛም ባለፈው ሳምንት ይኸው ደርሶባት ስትታገል ቆይታ፣ ኮንትሮልና ኪው እንደሚያስለቅቀው ደርሳበት ነበር። ለጠይባ ትንፍሽ አላለችም። ሁሉን ነገር ለምን ታስተምራታለች?

«ላጥፋው እንዴ?» አለች ጠይባ።

ካጠፋችው የሠራችው ሁሉ ይጠፋል፤ ከመጀመሪያው ስትጀምር ሰዓቱ ይሄዳል። ሮዛ ምንም መዋሸት አያስፈልጋትም፤ ዝም ካለች ላፕቶፑ የእሷ ነው።

«በናትሽ አንቺ አጥፊልኝ። አንቺ ታውቂበታለሽ።»

ይህ ቃል ሮዛን ይባስ አናደዳት። ብትሰድባት ይሻል ነበር። ጣቷን ማጥፊያው ላይ አሳረፈች፤ ግን አልተጫነችውም።

«እጅሽን አንሺ» አለች በመጨረሻ። «የደበደብሽውን ሁሉ እያጠራቀመልሽ ነው። አሁን ኮንትሮልና ኪው።»

ስክሪኑ ተለቀቀ። የተጠራቀመው ሁሉ ባንዴ ዘነበና ጽሑፉ እኩሌታው ጠፋ። ጠይባ ጮኸች። ሮዛ ደስ አላት፤ ለጥቂት ጊዜም ቢሆን ከልቧ ደስ አላት። ጠይባ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ስታያት ግን ደስታው አልጣማትም።

«ኢስኬፕ በይው። ከዚያ ‹ዩ›ን ደጋግመሽ ንኪ፤ የጠፋውን ይመልስልሻል። ቀስ ብለሽ፣ አትቸኩይ።»

መስመሮቹ አንድ በአንድ ተመለሱ። ጠይባ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ሥራዋን ቀጠለች።

ቲቸር እየሮጡ ሲገቡ ጨርሳ ስልኩ ላይ ሰዓቱን አቁማ ነበር። ዘበኛው ኦቦ ባጫ ከኋላቸው «ኮቱ፣ ኮቱ! ኑ! መንገዱ ሳይዘጋ ውጡ!» ይላሉ። ቲቸር ስልኩን አንሥተው አዩ።

«ለጥቂት ነው የቀደምሻት፣ ጠይባ።»

«ቲቸር፣ እኔ እኮ ሮዛ ባትነግረኝ...»

«ቀድማኛለች» አለች ሮዛ። ላፕቶፑን ዘግታ ቦርሳው ውስጥ ከተተችና የጠይባ ትከሻ ላይ አንጠለጠለችላት። አንጀቷ አሁንም እንዳረረ ነው።

«ቻርጀሩን እንዳትረሺ» አለቻት፤ ፊቷን ግን አላየችም።