የመምሬ ዓምደ ሚካኤል ማንጎ

በሁለት ሺህ አሥራ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ በጥር ወር፣ ከመሐል ሜዳ በላይ ባለው አምባ ውርጩ ሜዳውን እንደ ጨው አልብሶት ያድር ነበር። የሰሜኑ ጦርነት ከአካባቢው ከራቀ ዓመት አልፎታል፤ ከዘማቾቹ የተመለሰው ተመልሷል፤ የደብሩ ካህን የመምሬ ዓምደ ሚካኤል ልጅ አባይነህ ግን አልተመለሰም፤ መሞቱን ያየም አልተገኘም። መምሬ ስንቱን ሙት የፈቱ ካህን ሲሆኑ፣ ለገዛ ልጃቸው ፍትሐት አላደርግም ብለው እንቢ እንዳሉ ነበሩ።

በቤታቸው ውስጥ ማንም የማይተኛበት የአባይነህ መደብ አለ፤ አጠገቡ በተቆረጠ ጀሪካን የተተከለ፣ ክንድ የማይሞላ ማንጎ ቆሟል። ከመዝመቱ በፊት ከመርሐቤቴ ቆላ ያመጣው ነው። መምሬ፣ "ይህ ሳይደርቅ ልጄ ሞተ አልልም" ብለው ነበር።

አሥራ አንድ ዓመት ሆላንድ ስለ ዕፀዋት ተምራ የተመለሰችው ታላቅ እኅቱ ትርሲት፣ ዛፉን ባየች ቁጥር ታመነታለች፤ ብታለማው የአባቷን ከንቱ ተስፋ ልታለማ ነው፤ ብትተወው ወንድሟ በእጇ ሊሞት ነው። ማለዳ ማለዳ ደግሞ ከመደቡ በኩል የአባቷን ድምፅ ትሰማለች፤ "አንተ ልጅ፣ እንዴት አደርክ?" ብለው መልስ ይጠብቃሉ። አንድ ማለዳ እሷም መልሱን ልትሰማ ትንፋሿን ዋጠች።

በዚያው ዕለት ሥራ ጀመረች። ጀሪካኑን ከወለሉ አንሥታ በደረቅ ኩበት ላይ አስቀመጠችው፤ በበግ ጠጉር ባና ጠቀለለችው፤ ቀን ቀን ፀሐይ ወደሚመታው ግድግዳ ታወጣው ጀመር። ሁለት ወር ሙሉ ንቅንቅ አላለም። ኋላ አፈሩን በጣቷ ብትነካው በረዶ ነው።

"አባባ፣ ምንድን ነው የሚያጠጡት?"

"ጠበል ነዋ! ጎሕ ሲቀድ ከምንጩ ቀድቼ።"

"ሥሩን እኮ እያደነዘዘው ነው። የቆላ ዛፍ ነው፤ ለብ ይበልለት።"

"ጠበል እሳት ላይ ይጣዳል? ሻይ መሰለሽ እንዴ? አሥራ አንድ ዓመት ያስተማሩሽ ይህንን ነው?"

"እንግዲያው ከጠበሉና ከዛፉ አንዱን ይምረጡ።"

መምሬ አልመረጡም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠበሉን በጠርሙስ እየያዙ፣ በጋቢያቸው ሥር ደረታቸው ላይ አቅፈው ያረፍዱ ጀመር፤ ለብ ሲልም ያጠጡታል። መንገድ ላይ ያገኛቸው ሁሉ፣ "መምሬ፣ አረቄዋን ለብቻዎ?" እያለ ቀለደባቸው።

ግንቦት ሁለት ቀን ጫፉ ላይ ቀላ ያለ ለጋ ቅጠል ብቅ አለ። ትርሲት አባቷን የጠራችው እየፈራች ነው፤ የፈራችውም ደስታቸውን ማየት ነበር። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ቅጠሉን አዩ።

"ነገ ለአባይነህ ፍትሐት ይደረግለት።"

"አባባ! ዛፉ እኮ ዳነ!"

"ዳነ። አባይነህ እንደሞተማ አውቃለሁ፣ ልጄ። እሱንና ያመጣውን ዛፍ ባንድ ላይ መቅበር አቅቶኝ ነው የቆየሁት።"

ስለዚያ ጦርነት ብዙ ተጽፏል፤ የትኛው ከተማ መቼ እንደተያዘ፣ መቼም እንደተለቀቀ በየቀኑ ተመዝግቧል። አባይነህ የወደቀበትን ዕለት የመዘገበ ግን የለም፤ ስለዚህ በዚያች ደብር ሙት ዓመቱ እስከ ዛሬ የሚታሰበው ቅጠሉ በወጣበት ቀን፣ ግንቦት ሁለት ነው።