የመውጫው ትእዛዝ

ሽማግሌው አርታኢ ከምሳ ሰዓት በኋላ ጠረጴዛቸው ላይ እንደተደፉ ተገኙ። ማጅራታቸው የተመታበት የወረቀት መጫኛ ብረት ወንበራቸው ሥር ወድቋል፤ የኮምፒውተሩ ሶኬትም ተነቅሏል። መጀመሪያ ያየቻቸው በማተሚያ ቤቱ በጸሐፊነት የምትሠራው የእህታቸው ልጅ ነበረች። ጩኸቷን ሰምቶ የደረሰው የሟቹ አማች፣ የሽያጭ ኃላፊው፣ ከማጽናናት ይልቅ ጣቱን ቀሰረባት።

አሁን እዚያው ፎቅ፣ በመዝገብ ክፍሉ ውስጥ ነች። መስኮቱ ፍርግርግ ብረት፣ በሩ ላይ ፖሊስ። አየሩ ራሱ ያንቃል። ያልታተሙ ረቂቆች ከማተሚያ ቤቱ ሲሰረቁ ከርመዋል፤ አጎቷ ሌባውን የሚያጋልጥ ደብዳቤ እየጻፉ እንደነበር ሁሉም ያውቃል። ሰሞኑን ሰላምታ እንኳ ነፍገዋት ስለነበር ሌባዋ እሷ ነች ተብሏል። ዛሬ ደግሞ ነፍሰ ገዳይ።

መርማሪዋ ቁመቷም ንግግሯም አጭር የሆነ ሴት ነች። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«አጎትሽ የሚጽፉበት ፕሮግራም ማውስ አይፈልግም አሉ?»

«አዎ፣ ሁሉ ነገር በቁልፍ ትእዛዝ ነው። አጎቴን ማውሱ እጃቸውን እያሳመማቸው ስለነበር ባለፈው ሰኞ እኔ ጫንኩላቸው።»

«ሌላ ማን አይቶታል?»

«ማንም። ‹በስተርጅና ተማሪ ሆኜ ሰው አይሳቅብኝ› ብለው በር ዘግተው ነበር የሚለማመዱት። ትእዛዞቹንም በወረቀት ጽፌ ሰጥቻቸዋለሁ።»

«ጽሑፉን ሁሉ ማጥፋት ብትፈልጊ?»

«አራት ጊዜ ቁልፍ መንካት ይበቃል።» ይህን ብላ ደነገጠች። በገዛ አፏ ራሷ ላይ የመሰከረች መሰላት። መርማሪዋ ግን ተነሥታ ወጣች።

ዘበኛው በምሳ ሰዓት ከሾፌሩ ጋር ወረቀት ሲያራግፉ ነበር። «ጀርባዬ ይመስክር፣ እመቤቴ!» አሉ ወገባቸውን ይዘው። ሾፌሩም አረጋገጠ። ሌሎቹ ሠራተኞች ለምሳ ወጥተው ስለነበር፣ ሕንፃው ውስጥ የቀሩት እንግዲህ ልጅቷና አማችየው ብቻ ናቸው።

አማችየው ላቡን እየጠረገ ተናገረ። «ከአማቴ ጋር ከተኳረፍን ሁለት ወራችን ነው፤ ክፍላቸውን ረግጬ አላውቅም። ልጅቷን ያዙ! ያንን መውጫ የሌለው ጥቁር ገጽ ከእሷ በቀር ማን ይችለዋል?»

መርማሪዋ አመስግና አሰናበተችው።

አመሻሽ ላይ አስከሬኑ ወደተነሣበት ክፍል ሁሉንም ጠራቻቸው። በሩ ተቆለፈ። ሶኬቱን ሰካችና ልጅቷን «ክፈቺው» አለቻት።

«ደብዳቤው ጠፍቷል እኮ…»

«ይህ ፕሮግራም ሲጻፍበት ድብቅ ቅጂ እያስቀመጠ ይሄዳል ይባላል።»

የልጅቷ ጣቶች ትእዛዙን አልረሱትም። ጥቁሩ ገጽ ደብዳቤውን ይዞ መጣ። በየመካከሉ «ዝጋ ዝጋ ውጣ ጥፋ» የሚል ተሰንቅሮ የአጎቷ ቃል ተቆራርጦ አይነበብም።

«ገዳዩ ሶኬት የነቀለው ለምንድን ነው?» አለች መርማሪዋ። «መውጣት አቅቶት ነው፤ ለመውጣት የጻፈው ሁሉ ደብዳቤው ውስጥ ገባበት። ይህች ልጅ ብትሆን አራት ጊዜ ነክታ ሁሉንም አጥፍታ፣ ዘግታ ትሄድ ነበር። ገዳዩ ደብዳቤውን ሊያጠፋ ገባና ወጥመድ ውስጥ ቀረ። የመውጫው ትእዛዝ በሟቹ የደረት ኪስ ውስጥ እንዳለ አላወቀም።» የታጠፈች ወረቀት አሳየች።

«ታዲያ እኔን ምን አገናኘኝ?» አለ አማችየው።

«ባለፈው ሰኞ የመጣ ፕሮግራም ነው። እስከዚያ ድረስ ሟቹ የሚጽፉት በነጭ ገጽ ላይ ነበር። አስከሬኑ ሲገኝ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ነበር፤ እርስዎም ለሁለት ወር ክፍሉን አልረገጥኩም ብለዋል። ገጹ ጥቁር መሆኑን፣ መውጫው እንደማይገኝ የት አወቁ?»

አማችየው በሩን አየ፤ ፖሊሱ ቆሟል። መስኮቱን አየ፤ ፍርግርግ ነው።

«ምን ያለበት ዝላይ አይችልም!» አሉ ዘበኛው።

ፖሊሱ አማችየውን ይዞት ሄደ። ሰዎቹ ሲወጡ ልጅቷ ቀረች። አሁን መውጣት ትችላለች፤ ግን ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። የተጻፈውን ወደኋላ የሚሽረውን የመመለሻ ቁልፍ አንድ ጊዜ ነካች፣ «ጥፋ» ጠፋ። ደግማ ነካች፣ «ውጣ» ጠፋ። የገዳዩ ቃል አንድ በአንድ ተለቅሞ ሲያልቅ የአጎቷ ብቻ ቀረ።

«ረቂቆቹን የሸጠው የልጄ ባል ነው። የእህቴን ልጅ በከንቱ ጠርጥሬ ሦስት ቀን አኮረፍኳት። ዛሬ ማታ ጠርቼ ይቅር»

እዚያ ላይ ተቋርጧል። ልጅቷ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ቃሉን ልትጨርስላቸው እጇን ዘረጋችና ተወችው። እንዳለ አስቀመጠችው፤ የመውጫውንም ትእዛዝ ጽፋ ገጹን ዘጋችው።