የአሥራ አንድ ቀኑ ጳጳስ

በኤልባራ መንግሥት ምላስ የሌለው ታላቅ ደወል ነበር። ማንም አይመታውም። ሰው በፊቱ ቆሞ በእውነት ሲምል ራሱ ይደውላል፤ በሐሰት ሲምል ዝም ይላል። በእሱ ፊት ነገሥታት ዘውድ ጭነዋል፣ ሙሽሮች ቃል ተገባብተዋል፣ ድንበር የተገፋፉ ጎረቤታሞች ታርቀዋል። ጳጳሳቱም በየሰባት ዓመቱ የሹመት መሐላቸውን የሚያድሱት በዚያው ነው። ታዲያ ለዚህ እድሳት አንድ ወር ሲቀረው ደወሉ ከነሰንሰለቱ ጠፋ። በዚያው ዕለት የከተማይቱ ጉድጓዶች ውኃ መረረ፤ ሕዝቡም «መሐላ በል ወሰደው!» እያለ ጮኸ።

መሐላ በል በጻልሞ ገደል የሚኖር አውሬ ነው። ብረት አይበሳውም። ምግቡ በሐሰት የተማለ መሐላ ስለሆነ አገር በዋሸ ቁጥር እሱ ይወፍራል። በሥርዓት የተሾመ ጳጳስን ግን መንካት አይችልም።

ንጉሡ ጉባኤ ጠራ። ጳጳሳቱ ሁሉ አዛውንት ናቸውና የገደሉ ስም ሲነሣ ጉልበታቸውን ማሸት ጀመሩ። ያን ጊዜ የመቅደሱ የሕግ ሊቅ ዘሩፋ ከወንበሩ ተነሣ። ገና ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፤ የመቅደስን ሕግ ከነትርጓሜው በቃሉ ይወጣዋል። አንዲት አንቀጽ የሳተ ደቀ መዝሙር ከፊቱ ላብ በላብ ሆኖ ነው የሚወጣው።

«ንጉሥ ሆይ» አለ፤ «ጳጳስ ያልሆነ ሰው ደወሉን ቢነካ ለዘላለም ክህነት አይቀበልም ይላል ሕጉ። ትርጓሜውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ አስቀድማችሁ ሹሙኝ፣ ከዚያም ስደዱኝ። ደወሉን ሳልይዝ የኤልባራን በር ብረግጥ እግሬ ይሰበር!»

ሊቀ ጳጳሱ አባ ማርዳ አቅፈውት አለቀሱ። ወረርሽኝ ወላጆቹን ሲጨርስበት የሰባት ዓመቱን ዘሩፋን በበቅሎ አፈናጠው ያመጡት፣ ፊደል ያስቆጠሩት፣ ሲታመምም አልጋው ሥር ያደሩት እሳቸው ናቸው። ዘሩፋ አባት ብሎ የሚያውቀው እሳቸውን ብቻ ነው።

ጳጳስ የሚሾመው በሦስት ጳጳሳት እጅ ነው። በሹመቱ ቀን ግን ሌሎቹ ወደየአገራቸው ተመልሰው ስለነበር ከአባ ማርዳ ጋር እጁን የሚጭን አንድ ጳጳስ ብቻ ተገኘ፤ ሦስተኛው፣ የሩቁ የተረፍ አገር ጳጳስ አባ ኤልያብ፣ ታመው ነበር። ለዚህም ሕጉ መላ አለው፤ የቀረው ጳጳስ ዝናሩን፣ ማለትም የክህነት መታጠቂያውን፣ የፈቃድ ደብዳቤ በውስጡ ሰፍቶ ይልካል። ተሿሚው ስፌቱን ራሱ ተርትሮ ደብዳቤውን በጉባኤ ፊት ማንበብ አለበት። ይህን ባለማድረጋቸው ዘሩፋ ራሱ ሦስት ተሿሚዎችን ከመቅደሱ ደጃፍ መልሷል።

አባ ማርዳ ዝናሩን ዘረጉ። «ይህ የአባ ኤልያብ ዝናር ነው፤ ፈቃዳቸውም በውስጡ አለ። ብዋሽ የቆምኩበት ምድር ይክዳኝ!» ብለው ማሉ።

የዘሩፋ ጣቶች ወደ ስፌቱ ሄዱ፤ ከዚያም ቆሙ። ያሳደገውን እጅ መመርመር ነውር መሰለው። «አባቴ ካሉ አሉ» ብሎ ሳይተረትር ታጠቀው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ የሚባለው ለካ ለሊቅም ነው።

ሁለት ጓዶች ይዞ ወጣ። አንዱ ሐርቦ የሚባል ሽበታም ጦረኛ ነው፤ ሌላዋ ሊሻን፣ ገደል ለገደል የምትኖር ገመድ ሠሪ። በመንገድ ላይ ሕዝቡ እየወጣ ተንበርክኮ ቡራኬ ይጠይቀው ነበር። ዘሩፋም ባረከ፤ እውነቱን ለመናገር ደስም አለው። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲመኘው የኖረው ይህንኑ ነበርና። ወደ ጻልሞ የሚያደርሰውን የአመድ ሜዳ ሲያቋርጡ ትኩስ ነፋስ ፊታቸውን ላጠው፤ ሐርቦ ግን ቀልዱን አልተወም።

«አባታችን» አለው፤ «ጅብ ከሚበላህ በልተኸው ተቀደስ ይባላል። እርስዎ ቀድመው ተቀድሰዋል፤ የቀረን መብላቱ ነው።»

በተሾመ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ በእኩለ ቀን፣ ጻልሞ ደረሱ። ሊሻን ገመዱን ከዐለት አስራ ይዛ ከላይ ቀረች፤ ሁለቱ ወረዱ። ከዋሻው ውስጥ አውሬው ተነሣ። ገላው ከአንገቱ እስከ ጅራቱ የሰው አፍ ነው፤ እያንዳንዱ አፍ የበላውን የሐሰት መሐላ ያጉረመርማል። ከበስተጀርባው ደወሉ መሬት ላይ ተቀምጧል።

ዘሩፋ በትረ ሹመቱን አነሣ። «በሕግ አምላክ፣ ቁም!»

አውሬው አልቆመም። ጅራቱን ሲያወርድበት ሐርቦ መሀል ገባ፤ ጋሻው ተሰበረ፣ ክንዱም አብሮ ተሰበረ። ዘሩፋ በድንጋጤ ደርቆ ቀረ። የሥርዓት ጳጳስ አይነካም ተብሎ የለ? በዚህ መሀል በአውሬው ደረት ላይ በቅርቡ የበቀለ አፍ ተከፈተና በአባ ማርዳ ድምፅ ተናገረ።

«ይህ የአባ ኤልያብ ዝናር ነው፤ ፈቃዳቸውም በውስጡ አለ። ብዋሽ የቆምኩበት ምድር ይክዳኝ!»

አጠገቡ ያለው የቆየ አፍም በዚያው ድምፅ ቀጠለ፤ «የቀድሞው ሊቀ ጳጳስ መንበሩን ለእኔ ተናዝዘዋል፤ እምላለሁ!»

ዘሩፋ ዝናሩን ከወገቡ ፈቶ ስፌቱን በጥርሱ በጠሰው። ከውስጡ ምንም ያልተጻፈበት ብራና ወጣ። ነገሩ ሁሉ ገባው። አባ ማርዳ መንበሩን በሐሰት ይዘዋል፤ በእድሳቱ ቀን ደወሉ ዝም ብሎ ሊያዋርዳቸው ነበር፤ ስለዚህ ለአውሬው የሰጡት ራሳቸው ናቸው። ሊያመጣው የተነሣውን ልጃቸውን ደግሞ አስመስለው ሾመው ለአውሬው ላኩት። ዘሩፋ ሞቱን ረሳው። «እኔን? አባቴ እኔን?» እያለ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

«ልቅሶውን በኋላ!» ጮኸ ሐርቦ ከወደቀበት። «ማል! እውነተኛ መሐላ ማልና አስደውለው!»

ዘሩፋ በአውሬው ጎን ሾልኮ ወደ ደወሉ ሮጠ። ለመልካም ሰው የሚገባው መሐላ ቀድሞ አፉ ላይ መጣ። «አባ ማርዳን ከልቤ ይቅር ብያለሁ፤ እምላለሁ!»

ደወሉ ዝም አለ። በአውሬው ጎን ላይ አዲስ አፍ ተከፍቶ በዘሩፋ በራሱ ድምፅ ይቅርታውን ደገመ። ዘሩፋ አፈረ። ከልቡ ውስጥ እውነት የሆነ ምን እንደቀረ ፈለገ፤ ያገኘው ሕጉን ብቻ ነበር። አንድ ጊዜ ወደ በትረ ሹመቱ ተመለከተ። ከዚያም ሁለት እጆቹን ደወሉ ላይ ጫነ።

«ጳጳስ ሳልሆን ነክቼዋለሁ። ቅጣቱን በራሴ ላይ እፈርዳለሁ፤ እስክሞት ክህነት አልቀበልም። በአባቴም ላይ በአደባባይ እመሰክራለሁ!»

ደወሉ ደወለ። ገደሉ ተናወጠ፤ የአውሬው አፎች አንድ በአንድ ተዘጉ፤ ያ ሁሉ ግዝፈቱም እህሉ እንደተራገፈ ስልቻ ረግቦ ወደቀ። ሊሻን አስቀድማ ሐርቦን፣ ከዚያም ደወሉን፣ በመጨረሻም ዘሩፋን ሳበች።

በኤልባራ አደባባይ ዘሩፋ ባዶውን ብራና ዘርግቶ መሰከረ። ንጉሡ አባ ማርዳን በደወሉ ፊት እንዲምሉ አዘዛቸው። እሳቸው ደወሉን አይተው አክሊላቸውን በገዛ እጃቸው አወረዱ። በግዝት ተለይተው ከአገር እንዲወጡ፣ ንስሐ ሲገቡም አንድ ጳጳስ እንዲፈታቸው ተፈረደ። ንጉሡም ወደ ዘሩፋ ዞረ። «ሦስት ጳጳሳት እዚህ ቆመዋል። አሁን በሥርዓቱ ይሹሙህ።»

«ንጉሥ ሆይ፣ ለሌላው የጻፍኩትን ትርጓሜ ለራሴ ስል አልፍቅም» አለ ዘሩፋ። ሕዝቡ አለቀሰ፤ እሱም አለቀሰ።

አባ ማርዳ ሲወጡ ጳጳሳቱ ሁሉ ጀርባቸውን ሰጧቸው። ከከተማይቱ በር ላይ ዘሩፋን አገኙትና እግሩ ሥር ወደቁ።

«ልጄ፣ በድያለሁ። ግዝቱን ይዤ አልሙት፤ ፍታኝ።»

ዘሩፋ በሁለት እጁ ደግፎ አነሣቸው።

«አባቴ፣ እንደ ልጅ ይቅር ልልዎት ሞክሬ ደወሉ ዝም ብሎኛል። ጳጳስ ብሆን ግን ንስሐ የገባን መፍታት ግዴታ ነውና፣ ልቤ ቢጠላም እፈታዎት ነበር። ጳጳስ ያላደረጉኝ እርስዎ ነዎት።»

አባ ማርዳ በትራቸውን ይዘው የአመዱን ሜዳ መንገድ ጀመሩ፤ ዘሩፋም ከዓይኑ እስኪሰወሩ ድረስ በሩ ላይ ቆሞ አያቸው።