የመጨረሻው ቅርንጫፍ

የአልሞንድ ተመራማሪው ሚስባህ፣ መርሳ ከተማ ውስጥ፣ ዕድሜውን በፈጀባት ዛፍ ሥር ፊቱ አብጦ ሞቶ ተገኘ። ንብ ነድፎት ነው። አንዲት ንብ እንኳ እንደምትገድለው፣ ለዚህም ማርከሻ መርፌ ከኪሱ እንደማይለይ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ዘግይታ የምታብብ፣ ያለ ንብ በራሷ አበባ ብቻ ፍሬ የምትይዝ ዛፍ ለማግኘት የለፋውም ለዚሁ ሳይሆን አይቀርም። ተሳክቶለትም ነበር፤ ምን ያደርጋል!

መርማሪዋ ኢብቲሳም ከወልድያ ስትደርስ ሰው ሁሉ ጣቱን የቀሰረው የእርሻው ዘበኛ ጋሽ አብዱልሐሊም ላይ ነበር። ከአጥሩ ውጪ ቀፎ አላቸው፤ ከሟቹም ጋር በቀፎው ሰበብ ተጣልተዋል። ሽማግሌው ወላሂ አላደረግኩም ከማለት ሌላ ቃል አልወጣቸውም። የሟቹ ሚስት ነኢማ ግን ምንም አልደበቀችም።

«ያቺ ዛፍ ጣውንቴ ነበረች፤ ቀንቻለሁ» አለች። «ጠዋት ቁርሱን እንኳ ሳይጨርስ፣ ያልሸፈንኩት አንድ ቅርንጫፍ ቀርቶኛል ብሎ ወጣ።»

የሥራ ባልደረባው ሙጃሂድ ከሁሉም በላይ አለቀሰ። በዚያ ጠዋት ወደ ዛፏ ድርሽ እንዳላለ ማለ።

ኢብቲሳም ለልቅሶው ጆሮ አልሰጠችም። ሟቹ አጠገብ የተከፈተ ካርቶን አለ። የሌላ ዛፍ የአበባ ዱቄት እንዳይነካቸው ቅርንጫፎቹን የሚሸፍንባቸው ስስ ከረጢቶች በውስጡ አሉ፤ በከረጢቶቹ መሃል ደግሞ የሞቱ ንቦች። ቀና ብላ ዛፏን አየች። ያልተሸፈነ ቅርንጫፍ የለም። ይሄ ከነከናት።

ሦስቱንም እዚያው ሰበሰበቻቸው።

«ንብ ክዳን ከፍቶ ካርቶን ውስጥ አይገባም፤ ሰው ነው የጨመረው» አለች። «ሚስባህ ካርቶኑን ሲከፍት ነደፉት፤ ወደቀ። ታዲያ የቀረውን ቅርንጫፍ ማን ሸፈነው? ጋሽ አብዱልሐሊም ዛፍ መሸፈን ሥራቸው አይደለም። ነኢማም ለጣውንቷ አትጨነቅም። የሸፈነው ዛፏን ለራሱ የሚፈልጋት ሰው ነው።»

ይህን ብላ አንዱን ከረጢት ልትፈታ እጇን ዘረጋች።

«እባክሽ አትንኪው» አለ ሙጃሂድ፤ ሳያስበው ክንዷን ይዞ ነበር። «ሊፈነዳ የደረሰ አበባ ነው። የስንት ዓመት ሙከራ ይበላሻል።»

«ዛሬ ወደ ዛፏ ድርሽ ካላልክ፣ ሊፈነዳ እንደደረሰ በምን አወቅህ?» አለችው ኢብቲሳም። እጁን ቀስ ብሎ አወረደ።

«አብረን ነው ያዳቀልናት» አለ። «የሚመሰገነው ግን እሱ ብቻ ነበር። እንቅልፍ ነሳኝ። እሱ ከሌለ ለእኔ ትቀራለች ብዬ ነው።»

ነኢማ ጠጋ አለችው።

«መርፌው ኪሱ ውስጥ ነበር» አለችው። «እሱ እየታፈነ አንተ አበባ ትሸፍን ነበር።»