የሁለት ጌታ በር

ሰይድ የሞተው በእህል ክምር መካከል፣ ሆዱ ባዶ ሆኖ ነው። የኮምቦልቻው መጋዘን ጠባቂ ሀምዱ ንጋት ላይ የበሩን ማጠፊያ ነቅሎ ሲገባ፣ ተሸካሚው ሰይድ በውስጥ በኩል በሩ ሥር ተደፍቶ ነበር። በእህሉ ላይ የተነሰነሰው የነቀዝ መድኃኒት ትነት ገድሎታል።

መርማሪው ሻምበል እንየው ከደሴ ተጠርቶ፣ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ሲደርስ ሟቹ «ሌባ» ተብሎ ጠበቀው። ዘመኑ ሰባ ሰባት ነው፤ ረኀብተኛው በመጋዘኑ ደጅ ተኮልኩሏል።

አዲስ አበባ ላይ ሁለት ሚኒስቴሮች በመንግሥት ወጪ ላይ ያላቸውን ሥልጣን ተሻምተው ተሻምተው በመጨረሻ ተካፍለውታል፤ አንዱ ይፈቅዳል፣ ሌላው ይከፍላል። ክፍፍሉ እስከዚህ በር ወርዶ፣ በአንድ ሰንሰለት ላይ ሁለት ጓጉንቸር ሆነ። የከፋዩ ቁልፍ በመጋዘኑ ወኪሉ በበላቸው፣ የፈቃጁ ደሴ በሚኖረው ወኪሉ በቀለሙ እጅ ነው።

«ወላሂ፣ ባሌ ሌባ አይደለም!» አለች የሟቹ ሚስት ዘሀራ። «ማምሻውን ከውስጥ በሩን ሲደበድብ ሰማን። ጋሼ በላቸው እግር ላይ ወደቅሁ። ‹ቀለሙ ደሴ ነው፤ ያለ እሱ ቁልፍ አይከፈትም፤ ላምጣው› ብለው ሄዱ።»

«አንተስ?» አለ እንየው ወደ ሀምዱ ዞሮ።

«የመንግሥት በር ሰብሬ ልረሸን፣ ጌታዬ? ድብደባው ሲቆም ነው የነቀልኩት።»

«ሲቆም!» አለ እንየው።

በላቸው ኮቱን አስተካከለ። «እኔ ደንብ ጠበቅሁ፣ ጓድ ሻምበል። ሌባ ስለሞተ ደንብ አይከሰስም።»

«በየት ገባ?»

«በመስኮት ይሆናላ።»

እንየው መስኮቱን አየ፤ ብረቱ አልተነቃነቀም፣ የሸረሪት ድሩም አልተበጠሰም። ከዚያ ከተነቀለው በር ላይ እንደተቆለፈ በተንጠለጠለው ሰንሰለት አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ቆየ። ሲነሣ፣ ከደሴ ተጠርቶ የመጣውን ቀለሙን ጨምሮ ሁሉንም ሰበሰበ።

«ጓድ ቀለሙ፣ ቁልፍዎን ያስገቡ።»

ቁልፉ አልገባም። ተርብ የጓጉንቸሩን ቀዳዳ በጭቃ ደፍናዋለች፤ ጭቃውም ደርቆ ከርሟል።

«ሁለቱ ጓጉንቸሮች አንዱ በሌላው ውስጥ ተቆላልፈዋል» አለ እንየው። «ከሁለት አንዱ ሲከፈት ሰንሰለቱ ይወርዳል። ማን እንዲህ አደረገው?»

ቀለሙ አንገቱን ደፋ። «ሁለታችንም። ከደሴ መመላለሱ ሰለቸኝ። አዲስ አበባ እንዳይሰማ ተማማልን።»

«እንግዲያው ሰይድ በመስኮት አልገባም፤ በበሩ ነው የገባው። ይህ በጭቃ የተደፈነው ጓጉንቸር አልተከፈተም። የቀረው አንድ ቁልፍ ነው፤ የከፈተውም የዘጋውም የእርስዎ ቁልፍ ነው፣ ጓድ በላቸው።»

በላቸው ወደ ግድግዳው አየ። «ለአንድ ነጋዴ ጥቂት ጆንያ አውጣ ብዬ ባዘው እንቢ አለኝ። ‹ሰው በደጅ እያለቀ!› ብሎ ጮኸብኝ። አደብ ይግዛ ብዬ ዘጋሁበት።»

«መድኃኒቱ መነስነሱን እያወቁ። ሲደበድብስ?»

«ሰው ተሰብስቦ ነበር። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ብቻዬን ብከፍት፣ የሁለት ቁልፉ ነገር ይጋለጣል።»

ዘሀራ ቀስ ብላ ቀረበችው።

«እግርዎን ስይዝ፣ ቁልፉ ኪስዎ ውስጥ ነበር?»

በላቸው እጁን ኪሱ ላይ ጫነ።

እንየው በላቸውን አስሮ፣ ሰይድ ሌባ አለመሆኑን በደጁ ሕዝብ ፊት በቃሉ ተናገረ። ዘሀራ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች፤ አላለቀሰችም።

ብዙም ሳይቆይ ከአዲስ አበባ ትእዛዝ ወረደ፤ ዳግመኛ ጥፋት እንዳይደርስ በሩ ላይ ሦስተኛ ጓጉንቸር ይጨመር የሚል። ጓጉንቸሩ መጥቶ ተቆለፈ። ቁልፉን የሚይዘው ሰው ግን ገና አልተመደበም።