ጉንዳን የናቀው ኮዳ

የአኔስቲስን አስከሬን ከነቢዩ ኤልያስ ጸሎት ቤት ደጃፍ፣ ሯጮቹ ቆመው ከሚጠጡበት የድንጋይ መደብ አጠገብ አጋድመውታል። ዕድሜው ስድሳ ስምንት ነው፤ እግሩን ያየ ግን ሽማግሌ አይለውም። የውድድር ቁጥሩ ደረቱ ላይ በመርፌ ቁልፍ እንደተያዘ ነው። ከታች ከመንደሩ የበዓሉ ደወል ይሰማል፤ አስቁሙ የሚል ሰው ጠፍቶ ነው እንጂ በዓሉስ ቀርቷል።

ኢንስፔክተር ዶምና ከቮሎስ ከተማ ስትደርስ ፀሐይዋ አናት ትበሳ ነበር። አርባዎቹን ያጋመሰች፣ ደልደል ያለች፣ አውቶቡስ ቢያመልጣት እንኳ የማትሮጥ ሴት ናት። ዓይኗ ግን፣ ልጆቼ፣ ቁጭ ብሎ ይሮጣል።

«ልቡ ነው?» ስትል ሐኪሙን ጠየቀችው።

«እኛም እንደዚያ መስሎን ነበር። አኔስቲስ የስኳር በሽታ አለበት። ጠዋት መርፌውን ይወጋል፣ ይሮጣል፣ እዚህ ሲደርስ በኮዳው ያስቀመጠውን ስኳርና ሎሚ ይጠጣል። ኪስህ ውስጥ ከረሜላ ያዝ ብለው ቢለምኑትም ‹ኪሴ ኮዳዬ ነው› ይላል። ዛሬም ጠጥቷል፤ ኮዳው ባዶ ነው። ስለዚህ ላይኛው መታጠፊያ ላይ ወድቆ ሲገኝ ስኳሩን ማንም አልጠረጠረም፤ ሙቀት ነው፣ ልብ ነው ተባለ። ነርሷ ዘግይታ ጣቱን ወግታ ስትለካ ስኳሩ ተሟጧል። ከዚያ በኋላ ያደረግንለት ሁሉ አልመለሰውም።»

«ስኳር ጠጥቶ፣ ስኳር አጥቶ ሞተ ነው የምትለኝ?»

«እኔንም የገረመኝ እሱ ነው።»

ዶምና ወደ መደቡ ዞረች። የመንደሩ የሽማግሌ ሯጮች ማኅበር «ሽበቶች» ይባላል። ኮዳቸው ማኅበሩ ያደላቸው ውስጡ የማይታይ ነጭ ኮዳ ነው፤ የማን እንደሆነ የሚለየው አንገቱ ላይ በሚታሰር ጨርቅ ብቻ ነው። በኤልያስ ዋዜማ እያንዳንዱ የራሱን አምጥቶ መደቡ ላይ ያኖራል። የሰው ኮዳ መንካት በነሱ ዘንድ የሰው ሚስት እንደመንካት ነው። ዘንድሮ ጉልበታቸው ፈቅዶ የሮጡት ሦስት ሰዎች ብቻ ስለሆኑ መደቡ ላይ ያሉት ኮዳዎችም ሦስት ናቸው፤ የአኔስቲስ ባለ ቀይ ጨርቅ፣ የሳራንዲስ ባለ ሰማያዊ፣ የኮዝማስ ባለ ቢጫ።

ዶምና ቁጢጥ ብላ ብዙ ቆየች። ከግድግዳው ስንጥቅ የወጡ ጉንዳኖች መደቡን ወርረውታል። ቢጫው ሥር የፈሰሰ ማር ላይ ተጨናንቀዋል። ጥቂቶቹ የሰማያዊውን ክዳን ይዞሩታል። ባለ ቀዩ ኮዳ ክዳኑ ተከፍቶ ተጋድሟል፤ ከአፉ የተንጠባጠበው ድንጋዩ ላይ ምልክት ትቷል። እዚያ ግን አንድም ጉንዳን የለም። ሰልፉ አጠገቡ ሲደርስ እንደ ድንጋይ ቆጥሮት ያልፋል።

ክዳኑን በመሐረብ ይዛ አገላበጠችው። ለስላሳ ነው፤ ጭረት እንኳ የለውም።

«ዶክተር፣ የነርሷ መለኪያ አለ? ከዚህ ጠብታ ሞክርልኝ።»

ሐኪሙ ሞከረ። መለኪያው ምንም አላገኘም። በጣቱ ጫፍ ቀመሰና ፊቱ ተለዋወጠ። «ይጣፍጣል እኮ! ሎሚውም አለ። ይሄማ የስኳር ታማሚ ሻዩን የሚያጣፍጥበት እንክብል ነው። ምላስን ያታልላል፤ ለሰውነት ግን ከውሃ አይሻልም።»

«ምላስን ያታልላል፤ ጉንዳንን ግን አላታለለም» አለች ዶምና።

የመንደሩ ፖሊስ ከኋላዋ ቆሞ ያዳምጥ ነበር። «ገዳይዋማ ትታወቃለች። ኤቭዶኪያ ናት። የጸሎት ቤቱን ቁልፍ የምትይዘው እሷ፣ ትናንት ማታ ኮዳዎቹ ከተደረደሩ በኋላ መብራት ልትለኩስ የመጣችው እሷ። አኔስቲስን ስትረግመው ደግሞ ያልሰማ የለም። አለቃችን ደውለዋል፤ ከሠርክ ጸሎት በፊት ይዛችኋት ውረዱ ብለዋል።»

«እስከ ሠርክ ጊዜ አለ» አለች ዶምና።

የኤቭዶኪያ ቤት ሯጮቹ በሚያልፉበት መንገድ ዳር ነው። በሩ ላይ አንድ ጥንድ የወንድ መሮጫ ጫማ በማሰሪያው ተንጠልጥሏል። አሮጌ ነው፤ ግን አቧራ አልነካውም።

«የማን ነው እትዬ?»

«የስቴርጊዮስ፣ የባሌ። በየቅዳሜው አጸዳዋለሁ። አቧራ ከለበሰማ አያይልኝም።»

«ማን ነው የሚያየው?»

«አኔስቲስ ነዋ! ሊለማመድ በየጠዋቱ በዚህ ያልፋል። ሌላ መንገድ የለው።» ኤቭዶኪያ በነጠላ ጫማዋ መሬቱን ጫር ጫር አደረገች። «ባሌ በዚሁ ውድድር ላይ፣ መታጠፊያው ላይ ወድቆ ሞተ። ከኋላው የነበረው አኔስቲስ ብቻ ነው። እዚያ ጋ ወዲህ ገደል፣ ወዲያ ግድግዳ ነው፤ የወደቀ ሰው ካለ ካልተሻገርሽው አታልፊም። ተሻግሮት ሄዶ ዋንጫ ተቀበለ፤ ‹አላየሁም› አለ። መንደሩ እሱን አመነ። እኔን ሐዘን አዞራት አሉኝ።»

«ትናንት ማታ ኮዳውን ነክተዋል?»

«የሱን ዕቃ? ከዚያ እጄን በምን ላጠራው?»

«ሞቱ ደስ አሰኝቶዎታል?»

ኤቭዶኪያ የተንጠለጠለውን ጫማ ማሰሪያ አጠበቀች። «ልጄ፣ ከጠዋት ጀምሮ ደስታውን ብፈልገው አጣሁት።»

ኮዝማስ ዳቦ ጋጋሪ ነው። አኔስቲስን ወድቆ ያገኘው እሱ ነው። ዓይኑ ቀልቷል፤ አፉ ግን ልማዱን አልተወም።

«አለቃዬ፣ እኔን ካሰርሽ መንደሩ ነገ ጦሙን ያድራል፤ አስቢበት።»

«በየዓመቱ አኔስቲስ አንደኛ፣ እርስዎ ሁለተኛ ነው አሉ።»

«ሦስተኛም ሆኜ አውቃለሁ፤ አታሳንሺኝ።»

«ኮዳችሁን እንዴት ነው የምትዘጉት?»

«ኧረ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? እንደማንኛውም ሯጭ፤ ክዳኑን አላላት አድርገን እንተወዋለን። እዚህ ስትደርሺ ጣት የሚባል ነገር የለሽም፤ በላብ ይሟሟል። አኔስቲስ ብቻ ነው እንደ ካዝና የሚቆልፈው። አንድ ዓመት ጉንዳን ገብቶበት ከነጉንዳኑ ጨለጠው፤ ሲነግረን ሞትን በሳቅ! ከዚያ ወዲህ ጥርቅም አድርጎ ይዘጋና በጥርሱ ነክሶ ይከፍታል። ጥርሱ የራሱ ነው፤ ይኮራበታል… ይኮራበት ነበር።»

«ሳራንዲስስ ምን ይጠጣል?»

«የፍየል ውሃ! ጨው የነሰነሰበት። ጣፋጭ ከቀመሰ ሆዱ ይገለበጣል። በልጁ ሠርግ ኬኩን ለእኔ ነው የሰጠኝ።»

«ከአኔስቲስ ጋር እንዴት ነበሩ?»

ኮዝማስ ጭንቅላቱን አከከ። «ወዳጆች ነበሩ። ከፋሲካ ወዲህ ግን ሳራንዲስ ልምምድ ላይ ከጎኑ አይሮጥም፤ ሁልጊዜ ከኋላው፣ ጀርባውን እያየ። ‹ምነው፣ ጋብቻ ፈረሰ እንዴ?› ብለው አልሳቀልኝም። ሳራንዲስን ሰካራም ሾፌር ሆኖ ሊሞት ሲል ሩጫ አስተምሮ ከመጠጥ ያወጣው ስቴርጊዮስ ነው፤ ይሄን ታውቂያለሽ? ስቴርጊዮስ የሞተ ዕለት እኔና ሳራንዲስ መታጠፊያውን ቀድመን አልፈን ነበር፤ አኔስቲስ ከኋላ መጥቶ መጨረሻው ላይ ቀደመን። አደባባይ ስንደርስ ‹ስቴርጊዮስ ደክሞት በወፍጮው መንገድ ወደ ቤቱ ወርዷል› አለን። ሳራንዲስ ሊፈልገው ሊመለስ ቆሞ ነበር። ይህን ሲሰማ ተቀምጦ ጫማውን አወለቀ። ምስር ሾርባ በላን።» ድምፁ ሰለለ። «ስንበላ፣ ሰውየው ፀሐይ ላይ ነበር።»

ሳራንዲስ ከጸሎት ቤቱ ጥላ ሥር ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ተቀምጧል። ረጅም፣ ከሲታ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው።

«አኔስቲስ ከፊትዎ ነበር። ሲወድቅ አላዩም?»

«አላየሁም።»

«እዚህ ቆመው ጠጥተዋል?»

«በዚህ ሙቀት ሳይጠጣ የሚያልፍ አለ?»

«ጨው ያለበትን?»

«እንደ ሁልጊዜው።»

ዶምና ራሷን ነቀነቀችና ሁሉንም ወደ መደቡ እንዲጠሩላት አዘዘች።

ኤቭዶኪያ ጥቁር ሻሿን አጥብቃ መጣች፤ የፖሊስ መኪናው በሩን ከፍቶ እየጠበቃት እንደሆነ አይታለች። ኮዝማስ ከጎኗ ቆመ። ሳራንዲስ ከግድግዳው አልተነሳም።

«አኔስቲስን መርዝ አልገደለውም» ስትል ዶምና ጀመረች። «የገደለው ስኳር የሌለው ጣፋጭ ነው። ይህን የነገሩኝ ጉንዳኖቹ ናቸው። ቀይ ጨርቅ ያለበትን ኮዳ ንቀው አለፉት። ታዲያ እነዚህ ጉንዳኖች በሌላ በኩል ለምን የጨው ውሃ ይከባሉ? ሰማያዊውን ክዳን እዩት።»

ሁሉም ጎንበስ አሉ።

«ጨው ለጉንዳን ምኑ ነው? እንግዲህ ወደ ክዳኖቹ እንምጣ። አኔስቲስ በጥርሱ ነው የሚከፍተው፤ የቀዩ ኮዳ ክዳን ግን ጥርስ አልነካውም። ይኸኛውስ?» ሰማያዊ ጨርቅ የታሰረበትን ኮዳ በመሐረብ ይዛ አነሳች። ከባድ ነው፤ ሙሉ ነው። ክዳኑ ዙሪያውን በጥርስ ተቦጭቋል።

«የአኔስቲስ ነው!» አለ ኮዝማስ። «ያ ጥርሱ እኮ ነው!»

ዶምና ታግላ ከፈተችውና ለሐኪሙ አቀበለችው። «ስኳርና ሎሚ» አለ ሐኪሙ መለኪያውን አይቶ፣ ኮዳውን አሽትቶ።

«ኮዳዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው። የተለዋወጡት ጨርቆቹ ናቸው። አኔስቲስ ቀዩን ጨርቅ አይቶ የሰው ኮዳ ጠጣ። ክዳኑ ላልቶ ሲያገኘው ሊጠራጠር ይገባው ነበር፤ ግን ከኋላው የእግር ኮቴ ይሰማል። የሚሳደድ ሰው ክዳን አይመረምርም።»

«ታዲያ ጨርቅ ማንም ይቀይራል» አለ ፖሊሱ ወደ ኤቭዶኪያ እያየ። «እሷም ብትሆን።»

«እሳቸው ጨርቁን ብቻ ቀይረው ቢሆን አኔስቲስ የሚጠጣው ጨው ነበር። ውስጡንም ሊለውጡ ቢፈልጉ ደግሞ ቀዩን ደፍተው ይሞሉት ነበር፤ የሁለተኛ ሰው ኮዳ ምን ያደርግላቸዋል? የሰውን ኮዳ ከፍቶ መድፋት ግን ለሯጭ እጁ እሺ አይለውም፤ የራሱን ሞልቶ አምጥቶ ጨርቅ ማዞር ይቀለዋል። እንክብሉ የመጣው በሳራንዲስ ኮዳ ውስጥ ነው። የሳራንዲስን ኮዳ የሚሞላው አንድ ሰው ነው።»

ዶምና ወደ ግድግዳው ዞረች።

«ጋሽ ሳራንዲስ፣ ጠጥቻለሁ አሉኝ። ኮዳው ሙሉ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ሮጠው ይህንን መደብ ሳይጠጡ አልፈው አያውቁም። ቆመው ቢሆን ጨርቁን መልሰው ያስሩት ነበር፤ እኛም ምንም አናገኝም ነበር። ዛሬ ግን አኔስቲስ ከፊትዎ መንገዳገድ ጀምሮ ነበርና ዓይንዎን መንቀል አልቻሉም።»

ሳራንዲስ ቀስ ብሎ ተነሳ።

«መርዝ አላጠጣሁትም። ውሃ ነው ያጠጣሁት። እሱ ለስቴርጊዮስ ውሃም አልሰጠውም። በፋሲካ ማግስት አብረን ስንሮጥ፣ እዚያው መታጠፊያ ላይ እየሳቀ ነገረኝ። ‹አይቼው ነበር። ቆሜ ቢሆን ዋንጫው ያንተ ነበር› አለኝ። እኔ ጫማዬን አውልቄ ሾርባ የበላሁት በሱ ውሸት ነው።»

«ሲወድቅ አይተውታል» አለች ዶምና።

«አየሁት። እጁን ዘረጋልኝ። በስሜ ጠራኝ።» ከንፈሩ ደርቋል። «ተሻገርኩት። ልክ እንደሱ።» ከዚያ ወደ ኤቭዶኪያ ዞረ፤ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ለሰለሰ። «ላንቺ ብዬ ነው ኤቭዶኪያ። ደሙን መለስኩልሽ።»

ኤቭዶኪያ ተጠጋችው። ሁሉም ልታቅፈው መሰላቸው።

«ለእኔ? እኔ እንዲሞት መቼ ፈለግሁ? ዘጠና ዓመት ይኑር ብዬ ነበር የምጸልይለት! በየጠዋቱ በዚያ ጫማ ሥር አንገቱን ደፍቶ ሲያልፍ ማየት፣ ቁርሴ እሱ ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ ‹ተሻገረው› ብዬ ስጮህ ‹እርሺው› ያልከኝ አንተ አይደለህም? እውነቱን ስታውቅ በሬን አንኳኩተህ ነገርከኝ? ለመንደሩ ተናገርክልኝ? ይልቅ ሰውየውን በልተኸው መጣህ። ዛሬ ደግሞ ያ መኪና በሩን ከፍቶ የሚጠብቀው እኔን ነበር፤ ጥላ ሥር ቁጭ ብለህ ታየኝ ነበር።»

«ልናገር ነበር…»

«ስቴርጊዮስ ቢሆን» አለች ኤቭዶኪያ ቀስ ብላ፣ «ለአኔስቲስም ቢሆን ይቆምለት ነበር።»

ሳራንዲስ እጆቹን ለፖሊሱ ዘረጋ። ኤቭዶኪያም የማንንም ክንድ ሳትይዝ በአቋራጩ ቁልቁል ወደ ቤቷ ወረደች።

ሳራንዲስን ይዞ መኪናው ሲወርድ የሠርክ ደወል ተደወለ። ከመንደሩ በላይ ባለው ቤት በር ላይ ጫማው እንደተንጠለጠለ ነው፤ ኤቭዶኪያም ከሥሩ ቆማለች፣ እጇ ላይ እርጥብ ጨርቅ ይዛ።

«ቀስ በል» አለች ዶምና ለሾፌሩ።

ሳራንዲስ ፊቱን ወደ ገደሉ ሊያዞር ሞከረ፤ አልሆነለትም። ጫማውን አየ፤ አንገቱን ደፋ። ሌላ መንገድ አልነበረውም።