ቀለም ያልያዘው ደጃፍ

ስሙኝማ፣ እኔ የጠንቋይ ደጃፍ ረግጬ የማላውቅ፣ ጅኒ አየሁ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ «ማታ ምን ጠጥተህ ነበር?» ብዬ የምጠይቅ፣ እናቴ «በቀትር ወንዝ አትውረድ» ስትለኝ ሆን ብዬ በቀትር የምወርድ ሰው ነኝ፣ ስለዚህ አሁን የማጫውታችሁን ስትሰሙ «ይሄም ጀመረው» እንዳትሉኝ። ነገሩ ሲጀምር እኔን የያዘኝ ፍርሃት እንኳ አልነበረም። ንዴት ነው፣ እመኑኝ፣ ከእግር ጥፍሬ እስከ ራስ ፀጉሬ ንዴት።

ዘመኑ ጣሊያን አዲስ አበባን የያዘበት ነው። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከአጎቴ ጋር በየቤተ ክርስቲያኑ ሥዕል ስሥል ነው ያደግኩት፣ ዘመኑ ሲገለበጥ ግን የሚያሥለን ጠፋና እኔም እንደ ብዙው ሰው በአስኮ በኩል መንገድ በሚያወጡት ዘንድ ድንጋይ ተሸካሚ ሆንኩ። ስምንት ወር ተሸክሜ አንድ ጠዋት ደም ተፋሁ። ያኔ ነው ኮልፌ ላይ፣ ዛሬ 18 ማዞሪያ ከምንለው ትንሽ ወረድ ብሎ፣ በአንዲት የቆርቆሮ ቤት ውስጥ የሕንፃና የመንገድ ፕላን በውሃ ቀለም የሚቀቡ ሰዎችን ጣሊያኖቹ ለአሥራ አምስት ቀን ሊያስተምሩ መሆኑ የተሰማው። ፈተናውን ያለፈ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ይሠራል፣ የወደቀ ወደ ድንጋዩ ይመለሳል። ሥዕል እንደሆነ አውቃለሁ፣ ምን ያቅተኛል ብዬ ሄድኩ።

አቤት የውሃ ቀለም! በእኛ ሥዕል ቀለም ካስቀመጥከው ቦታ አይንቀሳቀስም፣ ነጭም ራሱን የቻለ ቀለም ነው፣ የመልአኩን ዓይን ስትጨርስ ጣል ታደርገዋለህ። በዚህኛው ግን ነጭ የሚባል ቀለም የለም፣ ነጭ ማለት ሳትነካው የተውከው ወረቀት ነው። ወረቀቱን ጣውላ ላይ ትወጥራለህ፣ በውሃ ታርሰዋለህ፣ ጣውላውን ዘንበል ታደርጋለህ፣ ቀለሙን ከላይ ስትለቀው እንደፈለገው ይወርዳል፣ አንተ ደግሞ እጅህን አጣጥፈህ ትጠብቃለህ። ሳይደርቅ ብትነካው ይበላሻል፣ ደርቆ ብትነካው ይበላሻል፣ ባትነካውም አንዳንዴ በራሱ ጊዜ ይበላሻል። በክረምት ደግሞ፣ ሐምሌ ነበርና፣ መቼ ይደርቃል!

አስተማሪያችን ሲኞር ፓኦሎ የሚባል አጠር ያለ ጣሊያን ነበር፣ ወታደር አይደለም፣ አማርኛውን ከገበያ ሴቶች ስለለቀመ ሁላችንንም «አንቺ» ነው የሚለን። «አንቺ ተክሌ! ለምን ቸኮልሽ? ውሃ ትሠራለች፣ አንቺ ተቀመጪ!» ይለኛል፣ አጠገቤ የሚቀመጠው ሸምሱ የሚባል የጉራጌ ነጋዴ ልጅ ሳቁን አፍኖ ይንፈቀፈቃል፣ እኔ እቃጠላለሁ።

በስድስተኛው ቀን በረንዳው ላይ አስቀምጦን ፊት ለፊት የሚታየውን ተዳፋት እንድንሥል አዘዘን። ያኔ ኮልፌ ባሕር ዛፍና ሣር ነበር፣ ከባሕር ዛፉ ፊት አንዲት የተዘጋች ጭቃ ቤት ብቻዋን ትታያለች። ሰማዩን አጠብኩት፣ ዛፉን ገና በርጥቡ ለቀቅኩት፣ የቤቲቱን በር ደግሞ ጥላ ስለሆነ ድፍን ጥቁር አድርጌ አለፍኩ። ሲደርቅ በሩ ላይ ጥፍር የምታህል ነጭ ቦታ ቀርታለች።

ደገምኩት። ቀረች። ሦስተኛ ጊዜ ስደግመው ሲኞር ፓኦሎ ከኋላዬ መጣ።

«ነጭ ለምን ተውሽ?»

«አልተውኩም ጌታዬ፣ አልያዘም እኮ ነው የምለው።»

«እጅሽ ቅባት አለው። ታጠቢ!»

በሳሙና ታጥቤ በአዲስ ወረቀት ጀመርኩ። ይኸው ነጭ፣ እዚያው ደጃፍ ላይ። ሸምሱ ሻማ አሽቶብኛል ብዬ ጠረጠርኩ፣ ሻማ የነካው ወረቀት ውሃ ቀለም አይይዝም።

«ሸምሱ፣ ቀልዱ ይብቃህ!»

«ወላሂ አልነካሁም! እኔ የራሴን ሰማይ ማድረቅ አቅቶኛል፣ የአንተን በር ምን ሊያደርግልኝ?»

በዚህ ላይ ደግሞ መጥረቢያው። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ልክ ወረቀታችንን ስናረጥብ፣ ከወዲያ ማዶ ፍልጥ ሲፈለጥ ይሰማል። ቋ... ቋ... ከዚያ ዝም፣ እንደገና ቋ። ዝናቡ ይወርዳል፣ ማን ጤነኛ ሰው በዝናብ እንጨት ይፈልጣል? እጄ በተነሣ ቁጥር ቋ ይላል፣ ብሩሼ ይዘላል፣ መስመሬ ይበላሻል። ሲኞር ፓኦሎ ራሱ አንድ ቀን አንገቱን አውጥቶ «ማን ነው?» ብሎ ጮኸ። መጥረቢያው ቆመ፣ ትንሽ ቆይቶ ቀጠለ።

እኔም እልህ ያዘኝ። ነጩ በታየ ቁጥር ጣሳዬን አንሥቼ ውሃ እደፋበታለሁ፣ በብሩሽ እፈትገዋለሁ፣ እጨምርበታለሁ፣ ወረቀቱ እስኪቦጨቅ ድረስ። ጓደኞቼ ወደ ቅጠልና ወደ ጥላ ተሻገሩ፣ እኔ ከአንዲት በር ጋር ስሟገት አምስት ቀን ሄደ።

የተበላሸውን ወረቀት ስጥል የሚለቅሙት እትዬ በላይነሽ ነበሩ። ቤቱን የሚጠርጉ፣ ለቀለማችን ውሃ የሚያመጡልን፣ ወደ አርባ የሚጠጉ ዝምተኛ ሴት ናቸው። እሳት ሊያያይዙበት መስሎኝ ነበር። በአሥራ አንደኛው ቀን ግን ወረቀቱን ለማስታወሻ ፈልጌው ተከትያቸው ወደ ጓሮ ስገባ፣ ሁሉንም መሬት ላይ በተርታ ዘርግተው ተንበርክከው ያያሉ።

«እትዬ፣ ይህን ጉድ ምን ያደርግልዎታል?» አልኩ እንደተናደድኩ።

ቀና አሉ። «ተክሌ ልጄ፣ ማን ነገረህ?»

«ምኑን?»

«በግራ እግሩ እንደሚያነክስ።»

በጣታቸው አንድ በአንድ አሳዩኝ። እኔ ነጭ ቦታ ብቻ ነበር የማየው፣ እሳቸው እንዳሳዩኝ ሳየው ግን ሰው ነው። ወደ ግራ ያዘነበለ ሰው። በመጀመሪያው ወረቀት ደጃፉ ላይ ቆሟል፣ በኋለኞቹ ደግሞ ጎንበስ እያለ መጥቷል፣ በመጨረሻው አንድ ክንዱን ከራሱ በላይ አንሥቷል።

ቤቲቱ የእሳቸው ናት። ባለቤታቸውን፣ በግራ እግራቸው የሚያነክሱትን ጋሽ ደስታን፣ ፍልጥ እየፈለጡ ሳለ ጣሊያኖች ጠመንጃ ደብቀሃል ብለው ከዚያው ደጃፍ ወስደዋቸዋል። አሥራ አንድ ወር ሆኖታል፣ ይሙቱ ይኑሩ ወሬያቸው የለም። እትዬ ብቻቸውን ማደር ፈርተው ቤቱን ቆልፈው እህታቸው ዘንድ ይኖራሉ።

«ታዲያ ቤቱ የእርስዎ መሆኑን ለምን አልነገሩንም?»

«ማን ጠየቀኝ?» አሉ። ከዚያ የመጨረሻውን ወረቀት አነሡ። «ይቺን እጁን እየው እስቲ። ና እያለኝ ነው ወይስ እየተሰናበተኝ ነው? ነገ አጥርተህ ሥልልኝ፣ በእመቤቴ።»

«እኔ እኮ አይደለሁም የምሥለው!» ብዬ ጮህኩባቸው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። «ፈተና አለብኝ እትዬ! ይሄ ነጭ ካልጠፋ ወደ ድንጋዩ ነው የምመለሰው፣ ደም እየተፋሁ! እርስዎ ደግሞ አጥርተህ ሥል ይሉኛል!»

ወረቀቶቹን ሰብስበው በነጠላቸው ሥር አደረጉና ወጡ።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ሲኞር ፓኦሎ ወረቀቱን በገዛ እጁ ወጥሮ ሰጠኝና ከጎኔ ቆመ። ዝናቡ ይወርዳል፣ ማዶ መጥረቢያው ቋ ይላል። ሰማዩ አማረ፣ ዛፉ አማረ፣ በሩ ላይ ስደርስ ብሩሼን ጥቁር አጥግቤ ጎተትኩት። ነጩ ቀረ። ውሃ ደፋሁበት፣ ፈተግኩት። ቀረ።

«ስጪኝ!» ብሎ ብሩሹን ነጠቀኝ። እሱም ቀባ። ቀለሙ በዓይናችን እያየነው ሄደ ሄደና እዚያ ሲደርስ ለሁለት ተከፈለ፣ ወራጅ ውሃ ድንጋይ ሲገጥመው እንደሚያደርገው ዞሮ አለፈ። ሲኞር ፓኦሎ እንደገና ቀባ፣ አሁንም ለሁለት ተከፈለ። በዚህ መካከል መጥረቢያው ዝም አለ።

«ያ ቤት የማን ነው?» አለ ጣሊያኑ፣ ድምፁ ቀጥኖ።

«የእኔና የባለቤቴ» አሉ እትዬ በላይነሽ ከበሩ አጠገብ።

ነገሩን ሊያረጋግጥ ይሁን ሊቆጣ አላውቅም፣ ኮቱን ጣል አድርጎ በዝናቡ ወረደ፣ እኔና እትዬ ተከተልነው። ደረስን። በሩ በውጭ ተቆልፏል፣ ቁልፉ እትዬ አንገት ላይ ነው። ከፍተን ገባን። አቧራ፣ የሸረሪት ድር፣ ሌላ ምንም። እዚህ ጋ ነገሩ ቢያበቃ እኔም ዛሬ ባልነገርኳችሁ።

ስንወጣ ነው ያየነው። ቤቲቱ ክዳኗ አጭር ነው፣ ደጃፉን አይከልልም፣ መሬቱ ጭቃ ሆኖ ውሃ ያቆረ ነው። ከበሩ አንድ እርምጃ ራቅ ብሎ ግን፣ ሰው ቆሞ የሚይዘውን ያህል ቦታ፣ ደረቅ ነው። ዝናቡ ዙሪያውን ይመታል፣ እዚያ ላይ አያርፍም። ሲኞር ፓኦሎ ጎንበስ ብሎ በሁለት ጣቱ አፈሩን ቆነጠረ። አቧራ ነው፣ ነፋሱ ከጣቱ ላይ ወሰደው። አማተበ።

እትዬ በላይነሽ አልጮሁም። ወደ ደረቁ ቦታ ጠጋ ብለው፣ ከሜዳ ዘግይቶ የመጣን ሰው እንደሚቆጡ ዓይነት፣ «ደስታ፣ ከዝናብ ግባ እንጂ» አሉ።

ከዚያ አንድ ጠብታ አረፈበት። ሌላ። ሌላ። ወዲያው እንደ ሌላው መሬት ጭቃ ሆነ።

ሲኞር ፓኦሎ ስንመለስ ማንንም ሳያርም «ሁሉ አለፈች» ብሎ ወረቀታችንን ፈረመልን፣ በሳምንቱም ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ አሉ። እኔ፣ እውነቱን ልናገር፣ ያን ዕለት በልቤ የነበረው ከድንጋዩ መዳኔ ብቻ ነው። ጣሊያን እስኪወጣ ድረስ ፕላን ስቀባ ኖርኩ። እትዬ በላይነሽ በዚያው ክረምት ወደ ቤታቸው ተመለሱ፣ እኔም በበዓል በበዓል እጠይቃቸው ጀመር።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ አንድ ቀን ያስጠሩኛል፣ ስደርስ አንድ የከሳ ሰው ተቀምጧል። ከጋሽ ደስታ ጋር በባሕር ጠረፍ ባለ የሐሩር አገር ታስሮ የነበረ ነው። ስለ ደግነታቸው፣ ስለ ጨዋታቸው ብዙ ነገረን፣ በኋላ ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አንድ ነገር እስከ ዛሬ አልገባኝም» አለ። «አገሩ ዝናብ የሚባል አያውቅም፣ ድንጋዩ ያቃጥላል። ደስታ ግን አንድ ሰሞን ዘጠኝ ሰዓት በሆነ ቁጥር ከራሱ እስከ እግሩ ይበሰብስ ነበር። በጠራራ ፀሐይ! ከመካከላችን ተቀምጦ እያየነው! ዘበኞቹ የመጠጥ ውሃ ሰርቆ የታጠበ መስሏቸው ይገርፉት ነበር። እኛም ምን ሆነህ ነው ብንለው፣ አንድ ሰው ያፈስብኛል፣ የተናደደ ሰው ነው ይለናል። ኋላ ደረቱን ያዘው፣ ወደ ሕሙማን ቤት ወሰዱት፣ ከዚያ አልተመለሰም። ሞተም አላሉን፣ ፈታነውም አላሉን።»

እትዬ በላይነሽ «ወሩን ታስታውሳለህ?» አሉት።

«ወሩን እንጃ፣ በእኛ አገር ግን ክረምት መሆን አለበት።»

ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉና መሬት መሬቱን ያዩ ጀመር። ወደ እኔ ዞር ብለው አላዩም። ቢያዩኝ ይሻለኝ ነበር።